ተጨማሪው አላርም የመኪናውን ነባር ጥበቃ እንዳያፈርስ

በኢትዮጵያ መኪና መግዛት ለብዙ ቤተሰብ የዓመታት ድካም ውጤት ነው። ከተሜው ከደመወዙና ከዕቁቡ አጠራቅሞ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ይገዛል፤ አርሶ አደሩ የሰሊጥ፣ የሽንኩርት ወይም የጤፍ ሽያጩን ከወንድሞቹ ጋር አዋጥቶ አይሱዙ ወይም ፒክአፕ ያወጣል። እንዲህ የተገኘ ንብረት በግቢ፣ በመንገድ ዳር ወይም በገበያ ሜዳ ሲያድር ባለቤቱን እንቅልፍ ቢነሳው አያስደንቅም። ስፖኪዮ፣ ባትሪ፣ ትርፍ ጎማና ውስጥ የተረሳ ዕቃ የሌባ ዓይን የሚያርፍባቸው ናቸው። ለዚህም ብዙዎች ተጨማሪ አላርም ያስገጥማሉ፤ አንዳንዶቹም ሞተርን ከርቀት የሚያስነሳ መሣሪያ ይጨምሩበታል።

መሣሪያዎቹ በአግባቡ ሲገጠሙ ጠቃሚ ናቸው። ነገር ግን አብዛኛው ዘመናዊ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱን ጥበቃ ይዞ እንደሚወጣ ይዘነጋል። አዲሱ መሣሪያ ከነባሩ ጋር ሳይስማማ ከተገጠመ ባለቤቱ ገንዘብ ከፍሎ የነበረውን ጥበቃ አስፈርሶ ሊመለስ ይችላል። የርቀት ማስነሻው ደግሞ ከስርቆት የከፋ አደጋ፣ ማለትም ሹፌር የሌለው መኪና በራሱ እንዲንቀሳቀስ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሁለቱን አሠራር ማወቅ ይገባል።

መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ጥበቃ

የፋብሪካ ጥበቃ በአብዛኛው ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው የበር ቁልፍና የመሪ መቆለፊያ ነው። ሁለተኛው በር ወይም ኮፈን ያለፈቃድ ሲከፈት ክላክስ የሚያስጮኽና ፍሬቻ የሚያበራ አላርም ነው። ሦስተኛውና ዋናው ኢሞቢላይዘር የሚባለው የሞተር መቆለፊያ ነው።

የሞተር መቆለፊያው ድምፅ ስለሌለው ብዙ ባለንብረቶች መኖሩን እንኳ አያውቁም። በቁልፉ ራስ ውስጥ፣ ከፕላስቲኩ ሥር፣ ባትሪ የማያስፈልገው ትንሽ ቺፕ አለ። በቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የሽቦ ቀለበት ደግሞ ቁልፉ ገብቶ ሲዞር የሬዲዮ ሞገድ ይለቅቃል። ቺፑ ከዚያው ሞገድ ኃይል አግኝቶ መለያ ኮዱን ይመልሳል። የመኪናው ኮምፒውተር ኮዱን ቀድሞ ከተመዘገበው ጋር ያመሳክራል። ከተስማማ ሞተሩ እንዲነሳ ይፈቅዳል፤ ካልተስማማ ሞተሩ ወይ አይነሳም፣ ወይ ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ሌባ መስኮት ሰብሮ ቢገባ ወይም የቁልፉን ጥርስ አስመስሎ ቢያስቀርጽ እንኳ መኪናውን ነድቶ መሄድ ይቸግረዋል።

ይህ ትንሽ ቺፕ ያመጣው ለውጥ በጥናት ታይቷል። በአውሮፓ ኅብረት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪኖች የሞተር መቆለፊያ እንዲኖራቸው ግዴታ ተጥሏል። በኔዘርላንድስ ከ1995 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ የመረመረ ጥናት መሣሪያው የመኪና ስርቆትን በአማካይ 40 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አመልክቷል።

የሰሜን አሜሪካ ታሪክም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ካናዳ በ2007 እ.ኤ.አ. መቆለፊያውን ግዴታ ስታደርግ ዩናይትድ ስቴትስ አላደረገችም። በአሜሪካ ገበያ በ2015 ሞዴል ከቀረቡት የሂዩንዳይና የኪያ መኪኖች መካከል መቆለፊያው በመደበኛነት የተገጠመላቸው 26 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ የሌሎች አምራቾች ድርሻ ግን 96 በመቶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እነዚህን መኪኖች እንዴት መስረቅ እንደሚቻል የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጩ፤ ስርቆቱም በብዙ ከተሞች ተስፋፋ። በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ኩባንያዎቹ ለ8 ነጥብ 3 ሚሊዮን መኪኖች የሶፍትዌር ማሻሻያ ማቅረብ መጀመራቸውን የአገሪቱ የትራፊክ ደኅንነት ባለሥልጣን አስታወቀ። በካናዳ የተሸጡት ግን መቆለፊያው ስለነበራቸው ይኸው ዘዴ አልሠራባቸውም። ስርቆቱን የከለከለው የሚጮኽ ደወል ሳይሆን ድምፅ የሌለው ቺፕ ነበር።

በኢትዮጵያ መንገዶች ያሉ መኪኖች ዕድሜና ምንጭ የተለያየ ነው። የቆዩት የኮሮላ ሞዴሎች የሞተር መቆለፊያ የላቸውም። አገልግለው ከውጭ ከገቡት መካከል አንዳንዶቹ አላቸው፣ ሌሎቹ የላቸውም፤ አንድ ዓይነት ስምና ዓመተ ምርት ያላቸው ሁለት መኪኖች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ ክሩስኮቱ ላይ የቁልፍ ወይም የመኪና ምስል ያለው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ መቆለፊያው ሊኖር እንደሚችል ምልክት ነው። እርግጠኛ ለመሆን የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ በመፈተሻ መሣሪያ ሊያረጋግጥ ይችላል። ማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ይህ ሊታወቅ ይገባል።

ሁለት አላርም በአንድ መኪና

ከገበያ የሚገዛው አላርም በአብዛኛው የራሱ ሪሞት፣ ሳይረንና የንቅናቄ መለኪያ አለው። በር፣ ኮፈንና የኋላ ሻንጣ መጫኛ መከፈታቸውን ከመኪናው ሽቦዎች ያነብባል፤ በሮችንም ይቆልፋል፣ ይከፍታል። የፋብሪካ አላርም በሌለው አሮጌ መኪና ላይ ሲገጠም ሥራው ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው የራሱ አላርም ባለው መኪና ላይ ሲገጠም ነው።

ሹፌሩ በአዲሱ ሪሞት ሲከፍት አዲሱ አላርም ይተኛል፤ ነባሩ ግን የራሱን ሪሞት ትእዛዝ ስላልሰማ በሩ ሲከፈት ሌባ የገባ መስሎት ይጮኻል። በነባሩ ሪሞት ሲከፈት ደግሞ አዲሱ ይጮኻል። ይህ ሲደጋገም ባለቤቱ ይሰለችና አንዱን አስነቅሎ ይገላገላል፤ ብዙ ጊዜም የሚነቀለው ነባሩ ነው።

ትክክለኛው መፍትሔ ሁለቱን ማስማማት ነው። አዲሱ መሣሪያ በር ከመክፈቱ በፊት ለፋብሪካው አላርም የመተኛት ትእዛዝ የሚልክበት መስመር ሊገናኝለት ይገባል። በአዳዲስ መኪኖች ይህ ትእዛዝ ካን ባስ በሚባለው የኮምፒውተሮች መገናኛ መስመር በኩል ስለሚያልፍ ለመኪናው ሞዴልና ዓመት የተዘጋጀ አገናኝ መሣሪያ ያስፈልጋል። የራሳቸው ሪሞት ሳይኖራቸው ከፋብሪካው ሪሞት ጋር አብረው የሚሠሩ አላርሞችም አሉ። የፋብሪካ ሪሞት ላለው ሰው እነዚህ የተሻሉ ናቸው፤ የሚያዝ ሪሞት አይበዛም፣ የአንዱ መርሳት ለሌላው መጮኽ ምክንያት አይሆንም።

የንቅናቄ መለኪያው ልክም ቀላል ነገር አይደለም። ከመጠን በላይ ከተሳለ የነጎድጓድ ድምፅ፣ የሚያልፍ የጭነት መኪና ወይም ኮፈን ላይ የዘለለች ድመት ያስጮኸዋል። በየሌሊቱ በከንቱ የሚጮኽ አላርም ጎረቤትን ያሰለቻል፤ የእውነቱ ቀን ሲመጣ ተነሥቶ የሚያይ አይኖርም። ስለዚህ ልኩ መስኮት በመዳፍ ጠንከር ብሎ ሲመታ የሚያስጠነቅቅ፣ በቀላል ንክኪ ግን የማይጮኽ ተደርጎ መስተካከል አለበት።

ብዙ አላርሞች የሞተሪኖውን ሽቦ የሚያቋርጥ ሪሌይ አላቸው። የፋብሪካ መቆለፊያ ለሌለው መኪና ይህ ዋናው ጥቅም ነው፤ ሌባው ቁልፍ ቢያስመስል እንኳ ሞተሪኖው አይዞርለትም። ሆኖም ሪሌዩ የት እንደሚገባ መጠንቀቅ ያሻል። በሞተሪኖው መስመር ላይ ከገባ ቢበላሽ የሚያስከትለው ሞተሩ አለመነሳት ነው። በነዳጅ ፓምፕ ወይም በሞተሩ እሳት መስመር ላይ ከገባ ግን በጉዞ ላይ ሲበላሽ ሞተሩን ድንገት ሊያጠፋው ይችላል። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑም ረዳት ኃይል ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል። በቁልቁለት ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የዓባይን በረሃ የወረደ ሹፌር ሁሉ ይረዳዋል።

የርቀት ማስነሻና የቺፑ እንቆቅልሽ

ሞተርን ከርቀት ማስነሳት የተለመደው ክረምቱ በሚበረታባቸው አገሮች ነው። በሚኒሶታ ወይም በቶሮንቶ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በረዶ በሸፈነው ጠዋት ከቤት ሳይወጡ መኪናቸውን ማሞቅ ያውቁበታል። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ተመሳሳይ ምኞት ቢያሳድር አይገርምም። በቆላው ደግሞ በፀሐይ የጋለን መኪና ቀድሞ ማቀዝቀዝ ያስመኛል።

ከዚህ ላይ ግን ከላይ የተገለጸው ቺፕ ጥያቄ ያስነሳል። የርቀት ማስነሻው ቁልፍ የሚያዞረውን እጅ ተክቶ ሽቦዎቹን ያገናኛል፤ ቁልፉ ግን በቦታው የለም። ቁልፉ ከሌለ ቺፑ የለም፤ ቺፑ ከሌለ ኮምፒውተሩ ሞተሩን አይፈቅድም። ስለዚህ የሞተር መቆለፊያ ባለው መኪና ላይ የርቀት ማስነሻ ለመግጠም ባይፓስ የሚባል ማለፊያ ያስፈልጋል። የመኪናው ጥበቃ የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው በዚህ ማለፊያ አሠራር ነው።

ማለፊያው በሦስት መንገድ ሲሠራ ይታያል። የመጀመሪያው ለሞዴሉ በተዘጋጀ መሣሪያ አማካይነት ነው። መሣሪያው ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በመረጃ መስመር ተገናኝቶ፣ ባለቤቱ ከርቀት ሲያዝ ብቻ ትክክለኛውን ምላሽ ይሰጣል። መኪናው ውስጥ ቁልፍ አይቀርም፤ በሌላ ጊዜም መቆለፊያው እንደ ወትሮው ይሠራል። የተሻለው መንገድ ይህ ነው።

ሁለተኛው ትርፍ ቁልፍ ወይም ቺፑን በትንሽ ሳጥን ውስጥ አድርጎ ከክሩስኮቱ ሥር መደበቅ ነው። በትክክል ሲሠራ ሳጥኑ ኮዱን የሚያስተላልፈው የርቀት ማስነሻው በሚሠራበት ጊዜ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የመኪናው ቁልፍ ራሱ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ሳጥኑን ያገኘ ሰው ቁልፉን አገኘ። ይህን የሚመርጥ ሰው ጥርሱ ያልተቀረጸ ቺፕ ብቻ እንዲጠቀሙለትና ሳጥኑ በቀላሉ በማይደረስበት ቦታ እንዲገባ መጠየቅ አለበት። ያለውን አንድ ትርፍ ቁልፍ አሳልፎ መስጠትም አይመከርም።

ሦስተኛው መንገድ በምንም ምክንያት ሊፈቀድ የማይገባው ነው። ቺፑን ከቁልፉ አውጥቶ በቁልፍ ማስገቢያው ቀለበት አጠገብ ለዘለቄታው በማጣበቂያ መለጠፍ ወይም መቆለፊያውን ከኮምፒውተሩ ጭራሽ ማስጠፋት ነው። ሥራው ፈጣንና ርካሽ ነው፤ የርቀት ማስነሻውም ያለ ችግር ይሠራል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትክክለኛው ቁልፍ ሁልጊዜ ያለ ይመስለዋል። ማንም ሰው ጥርሱን ባስመሰለ ተራ ብረት ሞተሩን ያስነሳል። ባለቤቱ የሚያየው አዲስ ሪሞትና የሚጮኽ ሳይረን ስለሆነ ጥበቃው የጨመረ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ዋናው ዘብ ተሰናብቷል።

ይህን መፈተን አይከብድም። ባለቤቱ መኪናውን ከጋራዥ ከመረከቡ በፊት ቺፕ የሌለው ተራ ቁልፍ በመኪናው ጥርስ ልክ አስቀርጾ ሊሞክር ይችላል። ሞተሩ በተራው ቁልፍ ተነሥቶ ሥራውን ከቀጠለ መቆለፊያው ፈርሷል። ካልተነሳ ወይም ተነሥቶ ወዲያው ከጠፋ ግን ነባሩ ጥበቃ በቦታው አለ።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከውን መሣሪያ በተመለከተም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የማለፊያ መሣሪያ ሶፍትዌር የሚዘጋጀው ለተወሰነ ገበያ፣ ሞዴልና ዓመት ነው። በአሜሪካ ለተሸጠ ኮሮላ የተሠራው ከጃፓን ወይም ከባሕረ ሰላጤ አገሮች ለመጣው ላይስማማ ይችላል። ስለዚህ ከመላኩ በፊት የመኪናውን ትክክለኛ ሞዴልና የሻንሲ ቁጥር ይዞ ማጣራት ወጪን ያድናል።

ባለ ካምቢዮ መኪና፦ ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ

አውቶማቲክ መኪና ማርሹ ፓርኪንግ ላይ ካልሆነ በቀር ከርቀት እንዳይነሳ ማድረግ ይቻላል። ማኑዋል ወይም ባለ ካምቢዮ መኪና ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሹፌሮች በተለይ እንደ ጎንደርና ደሴ ባሉ ተዳፋት በበዛባቸው ከተሞች መኪናቸውን አንደኛ ወይም የኋላ ማርሽ አስገብተው፣ ጎማውንም በድንጋይ አስደግፈው ያቆማሉ። የእጅ ፍሬኑ ለደከመበት መኪና ይህ ልማድ ብልኅነት ነው።

አሁን ይህ መኪና ማርሽ ውስጥ እንዳለ የርቀት ማስነሻ ቢታዘዝ ሞተሪኖው ሲዞር መኪናውን ወደፊት ወይም ወደኋላ ይገፋዋል። ሞተሩ ከተነሳ ደግሞ መኪናው ያለ ሹፌር ይሄዳል። ከፊቱ የቆመው የግቢ በር ሊሆን ይችላል፤ በጥላው ሥር የሚጫወት ሕፃንም ሊሆን ይችላል። በብዙ መኪኖች ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ሞተሪኖው እንዳይዞር የሚከለክል ማብሪያ ማጥፊያ ከፋብሪካ የተገጠመው ይህን አደጋ ለመከላከል ነው። የርቀት ማስነሻ ሲገጠም ግን ይህ መከላከያ በሽቦ ይታለፋል።

ለማኑዋል መኪና የተሠሩ መሣሪያዎች አደጋውን ለመቀነስ አንድ ሥርዓት ይከተላሉ። ሹፌሩ ሞተሩ እየሠራ ካምቢዮውን ዜሮ ማርሽ ላይ ያደርጋል፤ የእጅ ፍሬን ይስባል፤ መሣሪያውን ያዝዝና ቁልፉን ይነቅላል። ሞተሩ በመሣሪያው ኃይል መሥራቱን ይቀጥላል። ሹፌሩ ወርዶ በሩን ሲዘጋ መሣሪያው ሞተሩን ያጠፋና በሮቹን ይቆልፋል። ከዚያ በኋላ አንድም በር ከተከፈተ ሰው ገብቶ ማርሽ ቀይሮ ሊሆን ስለሚችል የርቀት ማስነሳቱ ይሰረዛል።

ይህ ሥርዓት የሚያስተማምነው የእጅ ፍሬኑ በትክክል ሲይዝና የሁሉም በሮች መክፈቻ ጠቋሚ ሲሠራ ብቻ ነው። የአንዱ በር ጠቋሚ ከዛገ ወይም መሣሪያው ከሹፌሩ በር ጋር ብቻ ከተገናኘ ልጅ በሌላው በር ገብቶ ካምቢዮውን ቢነካ የሚያውቅ የለም። በዚህ ምክንያት ብዙ አምራቾች የርቀት ማስነሻቸውን ለአውቶማቲክ መኪና ብቻ ይፈቅዳሉ። ለአይሱዙ፣ ለባለ ካምቢዮ ፒክአፕና በተዳፋት ላይ ለሚያድር ማንኛውም ማኑዋል መኪና የሚመከረው አላርሙን አስገጥሞ የርቀት ማስነሻውን መተው ነው። የጥቂት ደቂቃ ምቾት የሰው ሕይወት አያህልም።

ሽቦ፣ ፊውዝና ባትሪ

በአገጣጠም ላይ የሚፈጸም ስሕተት ወዲያው አይታይም። የተላጠ ሽቦ በእጅ ተጠምጥሞ በፕላስተር ብቻ ከታሰረ በኮረኮንችና በአቧራ መንገድ ንቅናቄ ይላላል፣ ይግላል፣ አንዳንዴም እሳት ያስነሳል። ከባትሪ የሚመጣው የኃይል መስመር በባትሪው አቅራቢያ የራሱ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል። የሞተሪኖና የቁልፍ መስመሮች ከፍተኛ ኃይል ስለሚያሳልፉ መሣሪያው በሚያዘው ውፍረት ባለው ሽቦ፣ በብየዳ ወይም በጥብቅ ማያያዣ መገናኘት አለባቸው።

በመሪው ሥር በቢጫ ቀለም የተሸፈኑ ማያያዣዎች የኤርባግ ናቸው። እነዚህን መብሳት፣ መቅጠል ወይም በመፈተሻ አምፖል መንካት ኤርባጉን ድንገት ሊያፈነዳ ይችላል። ኮምፒውተር ባላቸው መኪኖች ሽቦ የሚለየው በመልቲሜትር እንጂ በአምፖል አይደለም፤ አምፖሉ የሚስበው ኃይል ኮምፒውተሩን ሊጎዳ ይችላልና። ኮፈኑ ሲከፈት የርቀት ማስነሻውን የሚከለክለው ጠቋሚም ፈጽሞ ሊታለፍ አይገባም፤ አለበለዚያ መካኒኩ እጁን ቺንጋው አጠገብ እንዳስገባ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል።

የባትሪው ጉዳይ በቀላል ስሌት ይታያል። መኪናው ቆሞ ሳለ አላርሙና ሌሎች ዕቃዎች በአንድነት 50 ሚሊአምፔር ቢስቡ በቀን 1 ነጥብ 2 አምፔር ሰዓት፣ በ30 ቀን ደግሞ 36 አምፔር ሰዓት ይወስዳሉ። የትንሽ መኪና ባትሪ 45 አምፔር ሰዓት ቢሆን ከአምስት እጅ አራቱ አለቀ ማለት ነው። ነዳጅ ሲጠፋ ወይም ባለቤቱ ለሥራ ሲርቅ ለሳምንታት የሚቆም መኪና ስለዚህ አልነሳ ይላል። ከገጠማ በኋላ ባለሙያው በሮቹን ዘግቶ፣ ኮምፒውተሮቹ እስኪያርፉ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቆ ፍሳሹን እንዲለካ መጠየቅ ይገባል። 50 ሚሊአምፔርን የሚያልፍ ከሆነ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12 ነጥብ 6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12 ነጥብ 2 ሲደርስ ግማሹ ያህል አልቋል።

ጢስ፣ ነዳጅና ገለባ

የሚሠራ ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ምድጃ የሚገድለው በዚሁ ጋዝ ነው። ስለዚህ በተዘጋ ጋራዥ ወይም ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር የቆመ መኪና ከርቀት መነሳት የለበትም። ሪሞቱም ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ሊቀመጥ ይገባል፤ አንድ ያልታሰበ ንክኪ ሞተሩን ማስነሳት ይችላልና።

አርሶ አደሮች ሌላም ነገር ሊያስተውሉ ይገባል። የጢስ ማውጫው በጣም ይግላል። በአውድማ ላይ ወይም በድርቆሽና በገለባ አጠገብ የቆመ መኪና ሰው ሳያየው ሲሠራ ደረቁን ሣር ሊያቀጣጥል ይችላል። የዓመት እህል ከተከመረበት ቦታ መኪናን ማራቅ ጥሩ ልማድ ነው።

ሞተርን ለረጅም ጊዜ አቁሞ ማሞቅም እንደሚታሰበው አያስፈልግም። ኮምፒውተር የሚቆጣጠረው የቤንዚን ሞተር በአብዛኛው ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ከሠራ በኋላ በእርጋታ መነዳት ይችላል፤ በጉዞ ላይ ፈጥኖ ይሞቃልና። ቆሞ የሚሠራ ትንሽ ሞተር በሰዓት 0 ነጥብ 8 ሊትር ቢፈጅ በየጠዋቱ 10 ደቂቃ ማሞቅ በወር 4 ሊትር ያህል ይበላል። እንደ ጀርመን ባሉ አገሮች ሞተርን ያለ አስፈላጊ ምክንያት ቆሞ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው።

ሪሞቱም ራሱ ይጠበቅ

ርካሽ አላርሞች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ኮድ የሚልኩ ናቸው። ሌባ ያንን ምልክት በትንሽ መሣሪያ ቀድቶ በኋላ ራሱ ሊልከው ይችላል። የተሻሉት ኮዱን በእያንዳንዱ ንክኪ ይለውጣሉ፤ ትናንት የተቀዳ ዛሬ አይሠራም። ስለዚህ ገዢው ኮዱ ተለዋዋጭ መሆኑን መጠየቅ አለበት። ሌባ ምልክቱን በሌላ ሞገድ አውኮ በሩ ሳይቆለፍ እንዲቀርም ሊያደርግ ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ሪሞቱን ከነኩ በኋላ እጀታውን ስቦ መቆለፉን ማረጋገጥ።

አብዛኞቹ አላርሞች ሪሞት ሲጠፋ ወይም ባትሪው ሲያልቅ ሥርዓቱን ለማስተኛት የሚያገለግል የተደበቀ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው። ባለቤቱ የት እንዳለና እንዴት እንደሚሠራ በተግባር ሊያየው ይገባል። ያንን ሳያውቅ ገጠር ላይ ሪሞቱ የተበላሸበት ሹፌር የገዛ መኪናውን ማስነሳት ሊያቅተው ይችላል። ቦታውን የሚያውቁ ሰዎች ቁጥር ግን ማነስ አለበት።

የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። ለእነዚህ የርቀት ማስነሻ አያስፈልግም። ሞተሩ መሞቅ የለበትም፤ ውስጡን ቀድሞ ማሞቅ ወይም ማቀዝቀዝም በብዙዎቹ በስልክ መተግበሪያ ይቻላል። አላርም ለመጨመር የሚፈልግ ሰው ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ኃይል ስለሚያሳልፉ ያልሠለጠነ ሰው ፈጽሞ እንዳይነካቸው ይጠንቀቅ። የኤሌክትሪክ መኪናም በሮቹንና ኮምፒውተሮቹን የሚያሠራ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስላለው ከላይ የተነገረው የፍሳሽ ስሌት ለእርሱም ይሠራል። ነዳጅ የሚጠቀሙት ነባር መኪኖች ደግሞ ለብዙ ዓመታት ማገልገል ስላለባቸው ሽቦአቸው እንዳይቆራረጥ መጠበቁ ከቀድሞው ይልቅ ይጠቅማል።

ከመክፈል በፊት

ባለቤቱ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ለባለሙያው አራት ጥያቄ ያቅርብ። መኪናው የፋብሪካ የሞተር መቆለፊያ አለው ወይ? አዲሱ መሣሪያ ነባሩን አላርም በምን መንገድ ያስተኛዋል? የርቀት ማስነሻ ካለ ማለፊያው ምን ዓይነት ነው፣ ቁልፍስ መኪናው ውስጥ ይቀራል ወይ? የሞተሪኖ ማቋረጫው ሪሌይ በየትኛው ሽቦ ላይ ይገባል? በልበ ሙሉነት የማይመልስ ባለሙያ ሥራውንም በልበ ሙሉነት አይሠራውም።

መኪናውን ሲረከብ ደግሞ እያንዳንዱን በር፣ ኮፈኑንና የኋላውን ከፍቶ አላርሙ መስማቱን ይሞክር። በተራው ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሳ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ወይም ማርሽ ገብቶ ሳለ የርቀት ማስነሻው እንዳይታዘዝ ያረጋግጥ። የማርሹ ሙከራ በደልዳላ ቦታ፣ ከፊትና ከኋላ ሰው ሳይኖር፣ አንድ ሰው ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ፍሬን እንደረገጠ ይደረግ። የተገናኙትን ሽቦዎች የሚያሳይ ንድፍ ወይም ፎቶግራፍ ማስቀመጥ ለወደፊት ጥገና ይረዳል። ሙሉ የመድን ሽፋን ያለው ባለንብረትም የተጨመረውን መሣሪያ ለመድን ሰጪው ቢያሳውቅ በኋላ ከሚነሳ ክርክር ይድናል።

አቅም የማይፈቅድለት ሰውም ያለ ጥበቃ አይቀርም። የመሪ መቆለፊያ ብረት፣ በግልጽ የሚታይ የፔዳል ቁልፍ፣ ብርሃን ያለበት ማቆሚያና የታመነ ዘበኛ የቆዩ ግን የሚሠሩ መከላከያዎች ናቸው። አሮጌ መኪና ያለው ሰው በሞተሪኖው መስመር ላይ በተደበቀ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ብዙ ሌባ ሊመልስ ይችላል። አዲስ መኪና ያለው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ በቁልፉ ራስ ውስጥ ያለችውን ቺፕ ይጠብቅ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ጥያቄው የሚጠየቀው ሽቦው ከመቆረጡ በፊት ነው።